«ያዘው፣ ስትችል ትመልሳለህ»፦ ብሪታንያ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብና የውርስ ግብር

«ያዘው፣ ስትችል ትመልሳለህ።»

ይህችን አባባል ያልሰማ አበሻ ያለ አይመስለኝም። አባት ለልጁ ይላታል። ታላቅ እህት ለታናሽ ወንድሟ ትላታለች። ስጦታ ትሁን ብድር ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ሰጪና ተቀባይ በሕይወት እስካሉ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሰጪው ሲሞት ነው፤ ያውም ብሪታንያ ኖሮ ሲሞት። ድንኳኑ ሲነሳ ንብረት ለሚያጣራው ልጅ አንድ ቅጽ ይጠብቀዋል። ሟች በመጨረሻዎቹ ሰባት ዓመታት ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደሰጡ ይጠይቃል።

ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፤ ብሪታንያ ስለሚከፈለው የውርስ ግብርና በቤተሰብ መካከል ስለሚሰጥ ገንዘብ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የግብር ዓመቱ የሚጀምረው ኤፕሪል 6 ነው፤ በእኛ መጋቢት 28። እንዲህ ያለ ቀን ከየት መጣ ካላችሁ፣ ብሪታንያ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ዘላለች። የድሮው የሒሳብ ዘመን መለወጫ ተገፍቶ ተገፍቶ እዚያ አካባቢ አረፈ። በሁለት ካላንደር ለምንኖር ለእኛ ብዙም አይገርምም።

መጀመሪያ የሚያረጋጋውን ልናገር። ገንዘብ በስጦታ የተቀበለ ሰው በስጦታው ላይ የገቢ ግብር አይከፍልም። እናታችሁ 20,000 ፓውንድ ቢሰጧችሁ ለታክስ ኦፊስ የምታሳውቁት ነገር የለም። ባንክ ገብቶ የሚወልደው ወለድ ግን እንደማንኛውም ወለድ ነው። ወላጅ ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጁ በሰጠው ገንዘብ ላይ የሚገኘው ወለድ በዓመት ከ100 ፓውንድ ካለፈ ደግሞ እንደ ወላጁ ገቢ ይቆጠራል። ገንዘቡን ትረስት ውስጥ (ሌላ ሰው በአደራ በሚያስተዳድረው ሀብት ውስጥ) ካላስገቡት በቀር፣ በሚሰጥበት ዕለት የሚከፈል ግብር የለም። ያለው የውርስ ግብር ነው፤ እሱም ሰው ሲሞት ወደ ኋላ ዞሮ ያያል።

ሰው ሲሞት ያለው ሁሉ ይደመራል። ቤቱ፣ የባንክ ገንዘቡ፣ መኪናው፣ ወርቁ። ዕዳው ይቀነሳል። ከቀረው ላይ እስከ 325,000 ፓውንድ ያለው ግብር አይነካውም፤ ይህን ከግብር ነፃ የሆነ ልክ «ጣሪያ» እንበለው። ከዚያ በላይ ያለው 40 በመቶ ይከፈልበታል። ይህቺ 325,000 ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም፤ ቢያንስ እስከ 2030 ድረስም አትነቃነቅም። በዚህ መሃል የለንደን ቤት ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ።

መኖሪያ ቤቱ ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ የሚወረስ ከሆነ ሌላ እስከ 175,000 ይጨመራል። የእንጀራ ልጅና የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ነው። የእህትና የወንድም ልጅ ግን በዚህ አይገባም፤ እኛ «ልጄ» ብንለውም ሕጉ አይለውም። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ከግብር ነፃ ነው። ቀድሞ የሞተው ያልተጠቀመበት ጣሪያም ለቀሪው ይሻገራል። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት ቤቷን ለልጆቿ ስትተው እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ድረስ ግብር ላይኖር ይችላል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ያለው ሰው የቤት ጭማሪው እየተሸረሸረ ይሄድበታል፤ እዚያ የደረሰ ግን አካውንታንት አያጣም።

«እንግዲያው ሞት ሳይመጣ ለልጆቼ ባድላቸውስ?» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ሕጉ አይከለክለውም። የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል። ከሰጠ በኋላ ሰባት ዓመት ከኖረ ያ ገንዘብ ከሒሳቡ ይወጣል። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከሞተ ግን ገንዘቡ ተመልሶ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ በየካፌው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። «ሦስት ዓመት ካለፈ ግብሩ እየቀነሰ ይሄዳል» የሚል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ከሞተ 40 በመቶው ወደ 32 ይወርዳል። ቀጥሎ 24፣ ቀጥሎ 16፣ በሰባተኛው ዓመት ውስጥ 8። ቅናሹ የሚሠራው ግን በስጦታው ላይ ለመጣው ግብር ብቻ ነው። በሰባቱ ዓመት ውስጥ የተሰጡት ስጦታዎች ደግሞ በቀን ቅደም ተከተል ከሁሉ ቀድመው 325,000ዋን ይበላሉ። ስለዚህ የተሰጠው ሁሉ ተደምሮ ከ325,000 ካልበለጠ በስጦታው ላይ ግብር የለም። ግብር ከሌለ የሚቀነስም የለም። ጣጣው የሚዞረው ወደ ቀረው ንብረት ነው።

በቁጥር እንየው። አንዲት የተፋቱ እናት አሉ እንበል፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ለበኩር ልጃቸው የቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ብለው 60,000 ፓውንድ ሰጡ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ቆይተው አረፉ። የ400,000 ቤትና 150,000 ተቀማጭ ትተዋል። ኑዛዜያቸው «ለሦስቱም እኩል» ይላል።

ከ60,000ው ላይ 6,000 በዓመታዊ ነፃ ስጦታ ይወጣል፤ እሱን ቆየት ብዬ አስረዳለሁ። የቀረው 54,000 ጣሪያውን ይቀንስና 271,000 ያደርሰዋል። የቤቱ 175,000 ሲጨመር 446,000 ይሆናል። ንብረቱ 550,000 ነው። ልዩነቱ 104,000፣ ግብሩም 41,600 ፓውንድ። እናትየው ሰባት ዓመቱን ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ግብሩ 20,000 ብቻ ነበር።

ልዩነቱን 21,600 ፓውንድ ማን ከፈለው? ሦስቱም፣ በእኩል። ገንዘቡን የተቀበለው ግን አንዱ ነው። ታናናሾቹ ላልበሉት ስጦታ እያንዳንዳቸው 7,200 ከፈሉ ማለት ነው። በእኔ ግምት ወንድምና እህትን የሚያኳርፈው ግብሩ ራሱ ሳይሆን ይህቺ ነገር ናት። እናትየው አውቀው ቢሆን ኖሮ ኑዛዜው ላይ የሚያካክስ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችሉ ነበር። ኑዛዜውን የሚያዘጋጀው ሶሊሲተር (ጠበቃ) ግን ስለ ስጦታው ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ስጦታው ከጣሪያው ሲያልፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ አባት ለልጁ 400,000 ሰጥቶ በስድስተኛው ዓመት ውስጥ ቢሞት፣ ከ6,000ው በኋላ 394,000 ይቀራል። ከጣሪያው በላይ ያለው 69,000 ነው። በ16 በመቶ ሲሰላ 11,040 ፓውንድ። ይህን መጀመሪያ የሚጠየቀው ንብረቱ ሳይሆን ተቀባዩ ልጅ ነው። ገንዘቡን ቤት ገዝቶበት ከሆነ ከየትም ብሎ ያምጣ።

የሚከፈልበት ጊዜም አጭር ነው። ሰውየው ከሞተበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ክፍያው ይጠበቃል። መንፈቁ ሲወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ወለድ ይታሰባል።

አሁን ሰባት ዓመት የማያስጠብቁትን ስጦታዎች እንይ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ የግብር ዓመት 3,000 ፓውንድ መስጠት ይችላል፤ ለአንድ ሰው ወይም አከፋፍሎ። ያልተጠቀመበት ለአንድ ዓመት ብቻ ይተላለፋል። ከላይ ያየነው 6,000 ከዚህ የመጣ ነው፤ የዘንድሮው 3,000 እና ያምናው 3,000። የሦስት ዓመት አጠራቅሞ 9,000 ማለት ግን የለም። ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ ይቆጠርላቸዋል። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት እስከ 250 ፓውንድ ለፈለጉት ያህል ሰው መስጠት ይቻላል። ለገና፣ ለልደት፣ ለክርስትና የሚሰጠው እዚህ ውስጥ ይገባል። ከ3,000ው የደረሰው ሰው ግን 250ው አይደገምለትም።

ሠርግ ራሱን የቻለ ወግ አለው። ወላጅ እስከ 5,000፣ አያት እስከ 2,500፣ ሌላው ዘመድና ወዳጅ እስከ 1,000 ፓውንድ ድረስ ለአንድ ጋብቻ ይሰጣል። ከ3,000ው ጋር መደመርም ይቻላል። ያምናው ካልተነካ አንድ ወላጅ 11,000፣ ሁለቱ ወላጆች 22,000 ፓውንድ ለልጃቸው ሠርግ ሰጥተው ስለ ሰባት ዓመት ላያስቡ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስጦታው መሰጠት ያለበት በሠርጉ ዕለት ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ትልቁን ፖስታ ብዙ ጊዜ ለመልስ ወይም ለቅልቅል እናቆየዋለን። ቀድሞ ቃል የተገባ ካልሆነ በቀር፣ ከጋብቻው በኋላ የመጣ ገንዘብ በዚህ በር አያልፍም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች መልስ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም።

እኛን በጣም የሚጠቅመንና ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው። ከገቢ ላይ በመደበኛነት የሚሰጥ ገንዘብ፣ ጣሪያ የለውም። ሦስት ነገር ይፈለጋል። ገንዘቡ ከደመወዝ፣ ከጡረታ ወይም ከኪራይ ከመሰለ ገቢ የወጣ እንጂ ከተቀማጭ የተነሳ መሆን የለበትም። አሰጣጡ ልማድ መሆን አለበት፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ። ሰጪው ከሰጠ በኋላም እንደ ወትሮው ለመኖር የሚበቃው መቅረት አለበት። ለምሳሌ ጡረታዋና የኪራይ ገቢዋ ከግብር በኋላ በወር 3,000 ፓውንድ የሆነ፣ 2,000 የሚበቃት ሴት ለልጅ ልጇ በየወሩ 600 ብትልክ፣ ነገ ብትሞትም ያ ገንዘብ አይቆጠርም። በአሥር ዓመት 72,000 ይሆናል። ቀላል አይደለም።

በየወሩ አገር ቤት ለቤተሰብ የምንልከውም ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ለማይችል ዘመድ የሚላክ፣ ልከኛ የሆነ የመተዳደሪያ ገንዘብ ደግሞ በራሱ ነፃ ነው። ገንዘቡ ጎንደር ሄደ ወይም ሊድስ ቀረ፣ ሰጪው በብሪታንያ ሕግ ሥር እስካለ ድረስ ለውጥ የለውም። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ ለወንድም አዲስ አበባ ቤት ማሠሪያ የተላከ 80,000 ፓውንድ ልክ ለንደን እንደተሰጠ ስጦታ ይቆጠራል። «ከአገር ወጥቷል፣ ማን ያውቃል» የሚል ካለ፣ የሚያውቀው የባንክ ስቴትመንቱ ነው።

ወደ «ስትችል ትመልሳለህ» ልመለስ። ብድር ከሆነ ስጦታ አይደለም፤ ሰባት ዓመቱም መቆጠር አይጀምርም። ሰጪው ሲሞት ያልተመለሰው ገንዘብ እንደ ንብረቱ ይደመራል። ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ያው ነው። «ተውኩልህ» ማለት ይቻላል፤ ግን ታክስ ኦፊስ የቃል ምሕረት አይቀበልም። ብድሩ የተሰረዘበት ዲድ የሚባል፣ በምስክር ፊት የተፈረመ ሰነድ ይፈልጋል። ሰባቱ ዓመት የሚጀምረውም ከዚያ ቀን ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ የባንክ ብድር) ነው። ወላጅ ቅድሚያ ክፍያ ሲረዳ ባንኩ «ይህ ገንዘብ ስጦታ ነው፣ መመለስ የለበትም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቃል። አባት ይፈርማል። ቤት ውስጥ ደግሞ «በወር በወር ትመልስልኛለህ» ተባብለዋል። ወረቀቱ ሌላ፣ ቃሉ ሌላ። እንዲህ ያለው ነገር ለባንኩም ውሸት ነው፤ አባትየው ሲሞትም ልጆቹ ምን ብለው ቅጽ እንደሚሞሉ ግራ ይገባቸዋል። እውነተኛ ስጦታ ከሆነ ግን ያ ደብዳቤ ወርቅ ነው። ቀኑና መጠኑ ተጽፎበታል። ኮፒውን አትጣሉት።

ዕቁብም አንዳንዴ ያምታታል። ከአጎት ልጅ 10,000 ፓውንድ በባንክ የገባላችሁ ዕቁብ ደርሷችሁ ከሆነ ስጦታ አይደለም፤ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ከዓመታት በኋላ ስቴትመንቱን የሚያየው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ሲላክ ማስታወሻው ላይ «ዕቁብ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

ሰጥቶ አለመስጠትም አለ። እናት ቤቱን በልጇ ስም አዛውራ ያለ ኪራይ እዚያው ትኖራለች። ሃያ ዓመት ብትኖርም ሰባት ዓመት አልሞላትም፤ ቤቱ እንደ ራሷ ይቆጠራል። በገንዘብም እንዲሁ ነው። ሒሳቡ በልጁ ስም፣ ካርዱ በእናት ቦርሳ ከሆነ ስጦታ አልተሰጠም።

ሰባት ዓመቱ የማያድንበት ሌላም ቦታ አለ። በእርጅና ጊዜ የእንክብካቤ ወጪን ለመሸሽ ገንዘብ ያከፋፈለ ሰው፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ገንዘቡ አሁንም እጁ ላይ እንዳለ አድርጎ ሊያሰላበት ይችላል። እዚያ የሰባት ዓመት ወሰን የለም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚወስድ ተቀባይም ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ ካለፈ ድጎማው ይቆማል። ስጦታ እንዲህም ይጎዳል።

አሁን ደግሞ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ አንድ ቀን አገሬ እገባለሁ» ለምንለው። ድሮ ይህ ሐሳብ በግብር ሕጉ ውስጥ ቦታ ነበረው። ሰው ልቡ የት እንዳለ ይመረመር ነበር። ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ወዲህ ልብ መመርመር ቀርቷል፤ የሚቆጠረው ዓመት ነው። ካለፉት 20 የግብር ዓመታት 10ሩን በነዋሪነት ያሳለፈ ሰው በመላው ዓለም ባለው ንብረት የውርስ ግብር ይመለከተዋል። ሲኤምሲ ያለው ቪላም፣ ቢሾፍቱ ያለው ቦታም ይደመራል። ጠቅልሎ አገር ቢገባ እንኳ ወዲያው አይለቀውም። እንደኖረበት ጊዜ ርዝመት ከ3 እስከ 10 ዓመት ይከተለዋል። ለጡረታ የሚመለሱ አባቶችና እናቶች ይህን አውቀው ቢሄዱ ደግ ነው።

ከዚሁ ጋር፣ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚሰጣጡት ነፃ ነው ያልኩት አንድ ልዩ ሁኔታ አለው። እሱ ለንደን 15 ዓመት ኖሮ እሷ አዲስ አበባ ያለች ከሆነ፣ ለእሷ የሚያስተላልፈው ነፃ የሚሆነው እስከ 325,000 ፓውንድ ድረስ ብቻ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ይህን አንብባችሁ አትደናገጡ። የእናንተ ሕግ ፍጹም ሌላ ነው። በ2025 አንድ ሰው ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ቅጽ ሳይሞላ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ሲሰጥም ብዙ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ እንጂ የሚከፍለው ግብር የለም፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው ሚሊዮኖች ነውና። ሰባት ዓመት የሚባል ቆጠራም የላችሁም።

ለብሪታንያዎቹ የሚቀረው መዝገብ ነው። የስጦታ ዝርዝር የሚሞላበት ቅጽ አይኤችቲ 403 ይባላል። ከገቢ ላይ ተሰጠ ለሚባለው ገንዘብ የሟችን ገቢና ወጪ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ጡረታው ስንት ነበር፣ መብራትና ምግቡ ስንት ነበር፣ ምን ተረፈው። ይህን ከሞተ ሰው ወረቀት ላይ ለቅሞ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። በሕይወት ያለ ሰው ግን በዓመት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አባታችሁን በቀጥታ መጠየቅ ከከበዳችሁ፣ እና ይከብዳል፣ ደብተሩን በራሳችሁ ጀምሩና አሳዩዋቸው። ረጅም ነገር አያስፈልግም። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ነው፦ «ጁን 12፣ 2025። ለእህቴ ልጅ ሠርግ። 1,000 ፓውንድ፣ በባንክ። ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት። ስጦታ ነው፣ አይመለስም።»